ያልቀመስኩት ጠብታ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰብለ አንድ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሰብለ የልጅነት ጓደኛዬ የዘውዴ ልጅ ናት። ጀጎል ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አድሳ የእንግዳ ማረፊያ ከፍታለች፤ ጠርሙሱንም ሳምንት የሰነበተ እንግዳ ነው ትቶላት የሄደው። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ቅመሱልኝና ምን እንደሆነች ንገሩኝ። ለሰው ትቀርባለች ወይስ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ላስቀምጣት?" አለችኝ። ሐረር ውስጥ መጠጥ የሚያስቀምስ ሰው እኔ ጋ መምጣቱ የቆየ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ዛሬ ጥርሴ አልቋል፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ምሕረት ይለምናል። አፍንጫዬ ግን፣ አይበለውና፣ ገና ጎረምሳ ነው። መነጽሬን አጥቼው ስለነበር ጽሑፉን ሰብለ አነበበችልኝ፦ ረም ነው፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዷ የመጣ፤ ሃያ አንድ ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረ፤ ውኃ ሳይነካው ከበርሜሉ እንደወጣ የታሸገ፤ ጥንካሬው ስልሳ አንድ ከመቶ። "ስልሳ አንድ! አቦ፣ ይሄ እሳት ነው እንጂ መጠጥ ነው?" ብዬ ቀለድኩ። ቡሹን ስታወጣው ግን ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷ እርጅና መሰላት።

እርጅና አልነበረም። ያን ሽታ ካሸተትኩ አርባ ምናምን ዓመት አልፎኛል፤ ይህን ሁሉ ዓመትም ለማንም ያልተነፈስኩት ነገር አለ። የደበቅሁት ደግሞ ከዚህችው ልጅ አባት ነው። ሰብለ ብርጭቆዎቹን ለማጠብ ጓዳ ስትገባ ጠርሙሱን አፍጥጬ አየሁትና በልቤ "መጣህ?" አልኩት።

ኩባኖቹ ከተማችን ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ ማን በማን ላይ እንደዘመተም የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ሱሪውን ነው። እግሩ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰን፣ ታኮ ጫማ አድርገን፣ ጸጉራችንን እንደ ዘንቢል አሳድገን ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ እንንጎራደድ ነበር። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ቦታ ላይ ያኔ ፔጆ ታክሲዎች ተደርድረው ይቆሙ ነበር፤ ሾፌሮቻቸው ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው በሐረሪም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም ይሳደባሉ። እኔ የምሠራበት ቡና ቤት ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነበር። በረንዳው በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ ጥግ ላይ ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍን የሙዚቃ ሳጥን አለ፤ አንድ መለኪያ አረቄ በስሙኒ፣ ኮኛክ በሃምሳ ሳንቲም እንቀዳለን። ኩባኖቹ ሲመጡ የራሳቸውን ረም በኪሳቸው ይዘው ነው፤ ለእኛም ያቀምሱናል፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወገባቸው የተፈታ እስኪመስል ይጨፍራሉ። የማናቸውንም ስም አላስታውስም። አንዱ ግን ሲስቅ ዓይኑን በእጁ ይሸፍን ነበር።

እኔ በዚያ ቤት "ቀማሹ" ነበር የምባለው። በአገራችን ወግ ለሰው መጠጥ የሚያቀርብ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ያኔ ጠጪው ልቡ ያርፋል። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት የተለመደ ነው፤ የእኔ ቢጤ ባለ ክራቫት የባንኮኒ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ኋላ ቀርነት ይለዋል። እኔ አልተውኩትም። አዲስ ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር በሰው ሁሉ ፊት መዳፌ ላይ ጠብ አደርግና እልሳለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ፍርዴን እሰጣለሁ። ጠጪዎቹ ይስቃሉ፤ ነገር ግን እኔ ሳልቀምስ አይጠጡም። ውኃ የገባበትን ኮኛክ፣ ቆርቆሮ የነካውን አረቄ በአንዲት ጠብታ እለያለሁ። ትዕቢተኛም ነበርኩ።

ዘውዴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኪና ግርግር ውስጥ። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ጩኸት ነው፤ ዛሬም ብትሄዱ ያው ነው፤ ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ገዝታችሁ፣ ፊት ለፊት አሰፍታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ልብሱ ይደርሳል። ዘውዴ ይሰፋ የነበረው አው ዩሱፍ በሚባሉ የሐረሪ ሽማግሌ መኪና ነው። እጁ ወርቅ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ወሬ እያወራ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል፤ አያየውም እኮ! ያ ሁሉ ቤልቦተሜ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በዚያ ክረምት ሚስቱ አስቴር የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ አምስት ወሯ ነበር፤ እሱም እንደምንም ብሎ የራሱን መኪና ገዛ። አው ዩሱፍ ሳይቀየሙ መኪናውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ "በረካ ይሁንልህ፤ አላህ በደስታ ያሠራህ" ብለው መረቁት። እኔ ደግሞ የምርቃቱን መጠጥ በእኔ ተወው አልኩት።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። እናቴ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ባለው ቤታችን ውስጥ በጠና ታማ ተኝታለች፤ እኔም ማንም ሳያየኝ ስለት ተስዬ ነበር፦ እሷን ብታድንልኝ እነዚህን አሥራ አምስት ቀናት የመጠጥ ጠብታ ምላሴን አይነካውም ብዬ። ዘመኑ በጾመኛ የሚሾፍበት ዘመን ነው። ቀማሹ ንጉሤ ስለት ገባ ቢባል ቡና ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ጠርሙስ ስከፍት መዳፌ ላይ ጠብ አደርጋለሁ፣ እጄን ወደ አፌ አስጠጋለሁ፣ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ እዘጋለሁ፣ ከዚያ እጄን ሽርጤ ላይ እጠርጋለሁ። የምፈርደው በአፍንጫዬ ብቻ ነው። አሥር ቀን እንዲህ ሠራሁ፤ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፤ ምላስ ትርፍ ነገር ነው እንዴ እስከማለት ደረስኩ።

ጠርሙሱን ሸዋ በር አካባቢ ከአንድ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ነው ያገኘሁት። የኩባኖቹ ረም ነው አለኝ፤ ወረቀቱም ቅርጹም ያው ነው። ቆርኪው ትንሽ ላላ ብሎ ነበር። አሸተትኩት፤ ረም ነው። ዘውዴ አሥር ሰዓት ገደማ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቡና ቤቱ መጣ። "ጾም አይደለም እንዴ?" ብዬ ነካካሁት። "ረም የሚወጣው ከሸንኮራ አይደል? ሸንኮራ ከመቼ ወዲህ ነው ፍስክ የሆነው? ፍልሰታ ደግሞ የሕፃናት ጾም ናት" አለና ተቀመጠ። ረም በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም ነበር፤ አረቄ ነው የሚያውቀው። ቀዳሁለት። ብርጭቆውን አነሳና "ቀምሰኸዋል?" አለኝ። እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ወደ አፌ አስጠጋሁ፤ ከንፈሬን ዘጋሁ። ሽርጤ ላይ ጠርጌ "ቆንጆ ነው!" አልኩት። "በቃ፣ ንጉሤ ካለ አለቀ!" አለና ጨለጠው። ሁለተኛም ደገመ። ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ፣ መኪናዬን ብቻዬን አጠጣታለሁ ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በማግስቱ ራሱን አሞት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናው ፊት ተቀምጦ "አስቴር፣ ቤቱ ውስጥ ጉም ገብቷል እንዴ?" አላት። ስንሮጥ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ የጠርሙሱን ትራፊ አስመርምሮ ጠራኝና መጠጥ አይደለም አለኝ፤ ቀለም ማቅጠኛ የሚሆን ዓይነት አልኮል ባዶ የረም ጠርሙስ ውስጥ ተሞልቶ ቀለም ተጨምሮበት ነው። የዓይኑ ጅማት ተቃጥሏል፤ ብርሃኑ አይመለስም። እኔ የማሸተው ግን ጠርሙሱ ሥር የቀረውን የእውነተኛውን ረም ጠረን ነበር። ነጋዴውን ሸዋ በር ብንፈልገው ብንፈልገው ጠፋ። ሰብለ በታኅሣሥ ተወለደች። ዘውዴ ጣቱን በግንባሯ፣ በአፍንጫዋ፣ በአገጯ ላይ ቀስ አድርጎ ካሳለፈ በኋላ ፊቱን ወደ እኔ አቅጣጫ አዙሮ "ማንን ትመስላለች?" አለኝ። አንተን አልኩት። ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ።

ከተማው ግን ምን አለ መሰላችሁ? "ንጉሤም እኮ ቀምሶት ነበር፤ እሱን እግዜር ነው ያወጣው" አለ። እናቴም ዳነች፤ አሥራ አንድ ዓመት ጨምራ ኖረች። ስለቴ ሠመረ፤ መከራውን የተቀበለው ግን ሌላ ሰው ነው። ከዚያች ጊዜ ጀምሮ ዘውዴን እሑድ እሑድ እጁን ይዤ ከሸዋ በር ዳገቱን ወደ መድኃኔ ዓለም አወጣዋለሁ። አንድም እሑድ አልቀረሁም፤ ሚስቴ በተቀበረች ማግስት እንኳ ሄጃለሁ። ሰው ሲያየን "ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው" ይላል፤ እናቶች ለልጆቻቸው በጣታቸው ያሳዩናል። ያ ጣት በተቀሰረ ቁጥር ምን ይሰማኝ እንደነበር እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። መዳፌም አልተወኝም። ደርቆ ሳለ እርጥብ ይመስለኛል። ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና "አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ከልብስህ ላይ ምን ታሻለህ?" ስትል ሞተች። ያልነገርኳት ብቸኛው ነገር ይህ ነው።

ኑሮዬን ያስቀጠለኝ አንድ ማመካኛ ነበር። አንዲት ጠብታ ምን ትነግረኝ ነበር? እላለሁ። ያን መርዝ ከመጠጥ አልኮል በምላስ መለየት አይቻልም ብሎ ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል። እንግዲያው ብቀምሰውም ባልቀምሰውም ያው ነበር። በዚህች ቃል ተኝቻለሁ፣ በዚህች ቃል ቆርቤያለሁ። ረም የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ አፌ ገብቶ ስለማያውቅ ማመካኛዬን የሚፈትን ነገር አልነበረም፤ እስከ ባለፈው ሐሙስ።

ሰብለ ብርጭቆ አምጥታ ቀዳችልኝ። ቀለሙ በደንብ የፈላ ሻይ ነው፤ ወደ ቀይ ያደላል። ብርጭቆውን ሳዞረው ወዙ ጎኑ ላይ ቀርቶ በዝግታ ይወርዳል፤ ይሄ የዕድሜ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ጠንካራ መጠጥ ወዲያው አይሸተትም፤ አፍንጫ ያደነዝዛል። ሩብ ሰዓት ያህል ተውነው። ከዚያ መጀመሪያ ቴምር መጣ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ስኳር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥሩ ደግሞ የጊደር መጋላ የቅመም ተራ፣ ቅርንፉዱና ቀረፋው። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሰብለ ፈገግ አለች፤ ስለ መዳፌ ከአባቷ ሰምታለች። በዚህ ጊዜ ላስኩት።

መጀመሪያ አቃጠለኝ። ከዚያ ቃጠሎው ጋብ አለና ምላሴ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተቀመጠ፤ ቅባት ያለው፣ ጣፋጭም መራራም፣ እንጨት እንጨት የሚል። ዋጥኩት፤ አልሄደም። ሰብለ ስልኳ ላይ ልትጽፍ ተዘጋጅታ "እሺ ጋሼ?" ስትለኝ ገና ነበረ። የኩባኖቹም ረም እንዲሁ ነበር፤ እንደዚህ አያርጅ እንጂ ምላስ ላይ መቀመጡን ያውቅበት ነበር። ትዝ አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። መርዙን መለየት አያስፈልገኝም ነበር እኮ! ረሙ አለመኖሩን ማወቅ ይበቃኝ ነበር። ባዶ ጠርሙስ አፍንጫን ያታልላል፤ ምላስን ግን ምን ብሎ ያታልለዋል? ያ ቀለም የተቀባ አልኮል አንድ ጠብታው አፌ ቢገባ ኖሮ አቃጥሎኝ ባዶውን ይሄድ ነበር፤ እኔም "ዘውዴ፣ አስቀምጠው፤ ይሄ ረም አይደለም" እል ነበር። አንዲት ጠብታ ትበቃ ነበር። አርባ ምናምን ዓመት የተደገፍኩት ግድግዳ በአንዲት ጠብታ ፈረሰ።

"ጥሩ ነው" አልኳት። "በጣም ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ምሬቱ ትንሽ በዝቷል፤ ከበርሜሉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መውጣት ነበረበት። በሻይ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጊበት፤ ያኔ ጣዕሙ ይከፈታል። በረዶ እንዳታስነኪው። ከእራት በኋላ፣ ለሚያውቅ ሰው ብቻ፣ ግማሽ መለኪያ።" ሁሉንም ጻፈች። ጠርሙሱን እየጠቀለለች "አባባ ስለዚያ መጠጥ ሲነሳ ሁሌ ምን እንደሚል ያውቃሉ?" አለችኝ። "'ንጉሤ ቀምሶልኝ ነው የጠጣሁት። እሱ ቀምሶት እሱን ሳይነካ እኔን ከነካ፣ እግዜር ለእኔ የጻፈው ነው ማለት ነው' ይላል። እኔ ብሆን አብድ ነበር። እሱ ግን በዚህ ታርቆ ነው የሚኖረው።" ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ዘውዴ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የአንድ ሰው ኮት ጠርዝ በጣቱ ይዳስሳል፤ ሰዎች አሁንም ስፌት ያስፈትሹታል። አረማመዴን ያውቃል።

"ዛሬ እኮ አርብ ነው። ቀን ተሳሳትክ እንዴ ንጉሤ? አረጀህ አቦ!"

"አልተሳሳትኩም" ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በመንገዴ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። "ዘውዴ፣ ያን ቀን አልቀመስኩትም።"

የቱን ቀን ብሎ አልጠየቀኝም። ጣቱ ኮቱ ላይ ቆመ።

"መዳፍህ ላይ ስታደርግ አይቻለሁ" አለ። "ካየኋቸው ከመጨረሻዎቹ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።"

"ከንፈሬን ዘግቼ ነበር። ለእማዬ ስለት ነበረብኝ። ለአንተ መናገር አፈርኩ።"

"ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር?"

"ታሾፍብኝ ነበር።"

"አዎ፣ አሾፍብህ ነበር" አለ። "ለአንድ ሳምንት አሾፍብህ ነበር። ከዚያ ረም ለሚያውቅ ለሌላ ሰው እናስቀምሰው ነበር።" ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ይጮኻል። እኔ ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ፤ እሱ ግን አላለቀሰም። "እናትህ በዚያው ነው የዳኑት?" አለኝ።

"በዚያው ነው።"

"እንኳን ዳኑ" አለ፤ ከልቡ ነው ያለው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ ኮቱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ "እኔ አርባ ዓመት ሙሉ እግዜር ነው ያደረገው ብዬ ከእሱ ጋር ታረቅሁ። አሁን ከማን ጋር እንደምታረቅ እንደገና ማሰብ አለብኝ። ጊዜ ደግሞ የለኝም። ለሰብለ እንዳትነግራት፤ እኔም አልነግራትም። የምታከብረው አንድ ሽማግሌ ይኑራት። ከዚህ እሑድ ጀምሮ ግን እሷ ትወስደኛለች።"

እሑድ ዕለት እንደ ወትሮዬ ነጠላዬን ለብሼ ሸዋ በር ቆምኩ። መጡ፤ ክንዷን ይዟታል። ሰብለ "ጋሼ፣ ወገብዎን አሞዎታል አሉ፤ ለምን አላረፉም?" አለችኝ። እንዲያ ብሎ ነው ለካ የነገራት። ደህና ነኝ፣ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ አልኳት። ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኳቸው። እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝ፤ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ ባዶውን ሄዶ አያውቅም። ሰብለ ፈጣን ናት፤ ዳገቱን ስታያይዘው እኔ ግማሹ ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሳል ያዘኝ፤ ድምፁ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ከፊቴ የእነሱም እርምጃ ቆመ።

"ደከመህ እንዴ አባባ?" ስትለው ሰማሁ።

"እኔ አልደከመኝም" አላት ዘውዴ። "ከኋላችን ያለው ሰውዬ አርጅቷል። ይሄ ዳገት ይከብደዋል። ቀስ በይ።"

እስከ መድኃኔ ዓለም በር ድረስ በእኔ እርምጃ ልክ ሄዱ። ዘውዴ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠራም።